አንድ ጉርሻ የማይችል ሆድ

«ሆስፒታል መተኛት አያስፈልጋትም» አለች የምግብ ባለሙያዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። ያለችው በዕብራይስጥ ነው፤ መተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጮህኩ። እናቴ ደረቷን ያዘች።

«ምነው? ምን አለች? አለቀልኝ?»

«እማዬ፣ ደምሽ ተስተካክሏል! ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል! ቱቦ የለም፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የለም፣ ምንም የለም!»

«ታዲያ እንዲህ ይጮኻል? በድንጋጤ ልትገድዪኝ ነው እንዴ!» አለችና ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ባለሙያዋ የሶፍት ካርቶኑን ገፋ አደረገችላት።

ከጤና ጣቢያው፣ ከኩፓት ሆሊሙ፣ እስከ ሰፈራችን ሽኩና ጊሜል በአውቶቡስ ስንመለስ ደስታዬን የማኖርበት አጣሁ። እግሬ አልቀመጥ አለ። ቤት እንደገባሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ በአማርኛ። እስከ አምና ድረስ በአማርኛ ከስሜ ሌላ መጻፍ አልችልም ነበር፤ እናቴ በአማርኛ ስትጠራኝ በዕብራይስጥ ነው የምመልስላት። አሁን ፊደሉን ተምሬያለሁ፣ እጄም ደፍሯል። ደግሞም ይህን ማንበብ ያለባቸው ሴቶች የሚያነቡት አማርኛ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኛል። የምጽፈው ነገር ግን አብዛኛው ደስ አይልም።

እናቴ ስኳር አለባት። ትምህርት ቤት ነው የምታጸዳው፤ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ አልቋል። ሐኪሟ «ክብደት ቀንሺ» እያለ ዓመታት ቆጠረና በመጨረሻ ለኦፕራሲዮን ላካት። ጨጓራዋን አሳንሰው፣ የቀረችውን ትንሿን ከአንጀቷ ጋር በአቋራጭ አገናኙት። «ከእንግዲህ ሆድሽ ይቺ ናት» ብሎ ሐኪሙ አውራ ጣቱን አሳያት። ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለእኔም አሳየኝ።

ገና ከማደንዘዣው በደንብ ሳትነቃ እጄን ሳበችኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለአክስቴም?»

«በተለይ ለእሷ።»

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከእኛ ብሎክ ወዲያ ማዶ ነው የምትኖረው፤ እናቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። እናቴ «እታለም» ስለምትላት እኔም እታለም ነው የምላት። ለእሷ የተነገራት የሐሞት ጠጠር ነው ተብሎ ነው።

እና ምን ታድርግ፣ ለሐሞት ጠጠር የሚገባውን አደረገች። ከሆስፒታል በወጣን ማግስት በአንድ እጇ ገንፎ፣ በሌላ እጇ አጥሚት ይዛ ገባች። ገንፎው ለአራስ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። አጥሚቱ ውስጥ ማር አለ። የምግብ ባለሙያዋ ያዘዘችን ደግሞ ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ነበር፤ ጣፋጭ የሌለው፣ ቅባት የሌለው፣ በሻይ ማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ።

«እታለም፣ ትንሽ ይቆየኝ» አለች እናቴ።

«ምኑ ነው የሚቆየው? የተቀደደ ሆድ በቅቤ ነው የሚጠግገው። በይ ክፈቺ።»

«አሁን አላሰኘኝም።»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ አለቀ። በኋላ ለምግብ ባለሙያዋ ነገሩን ላስረዳት ብዬ «እምቢ ካልሽ ልሙት ትላታለች» ብላት፣ «ማን ነው የሚሞተው?» ብላ ደነገጠች። ማንም አይሞትም፤ እምቢ የሚልም የለም። እናቴ አፏን ከፈተች። አንድ ጎረሰች፣ ሁለት ጎረሰች፣ ከላዩ አጥሚቱን ጠጣችበት።

ብዙም አልቆየ። ፊቷ አመድ መሰለ። ላቡ ከአንገቷ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው፤ ልቧ ሲደልቅ በጨርቁ ላይ ይታየኝ ነበር። ተሸክሜያት ነው መታጠቢያ ቤት የደረሰችው። ከላይም ከታችም ወጣ። ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ ጉንጯን ሴራሚኩ ላይ አድርጋ፣ «ሆዴን እንደ ጨርቅ እየጨመቁት ነው» አለችኝ። ከበሩ ውጭ አክስቴ ትጮኻለች፦ «ዓይን ነው! ሰው አይቶብናል! እኔ እኮ ታውቆኛል!» ዓይን አይደለም። ጣፋጩና ቅባቱ ሆድ ውስጥ መቆያ ስለሌለው እንዳለ አንጀት ላይ ይዘረገፋል፣ ሰውነትም ይደነግጣል። ይህን ግን እንድናገር አልተፈቀደልኝም።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። እንጀራ ደረቷ ላይ እንደ ቡሽ ይሰካባታል፤ ካላስወጣችው ትንፋሽ ያጥራታል። ምግብ ላይ ውሃ ከጠጣች ይመለስባታል፤ ካልጠጣች ደግሞ ከንፈሯ ይሰነጠቃል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ሻሽ ጀመረች። ሰው ሁሉ በአጭር እጅጌ በሚሄድበት ቀን እሷ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ስኳሯ ወርዶ ነበር፣ ጉልበቷም ቀልሎላት ነበር፤ ያንን እንኳ የምትደሰትበት አቅም አልነበራትም።

ሰውም አየ። የከሳች፣ የምታስታውክ፣ ሻሽ ያሠረች ሴት፤ ለምን እንደሆነ የማትናገር። ሰፈሩ ያው አንድ ነገር ነው ያሰበው። «ያ በሽታ» አሉ፣ ካንሰርን በስሙ ሳይጠሩ። ከዚያ በኋላ ደጃችን ሰው አልጠፋበትም። አንዷ ዶሮ ወጥ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ጭኮ። ሊሰናበቷት ነው የሚመጡት፤ ሳያበሉ መሰናበት ደግሞ አይሆንላቸውም። እሷም ከእያንዳንዳቸው እጅ ትጎርሳለች፣ ሲወጡላት ታስመልሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይበልጥ ከስታ ያገኟትና ይበልጥ ያጎርሷታል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሳህን ሳጥብ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አማርኛ የማልሰማ መስሏቸው ነው።

«ልጅቷስ ከማን ጋር ትቀራለች?»

«ከአክስቷ ጋር ነዋ። ሌላ ማን አላት?»

ሳህኑን ደጋግሜ አጠብኩት።

እግሯ ማበጥ ሲጀምር የምግብ ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ደሟ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ካልተሻሻለ ሆስፒታል ትተኛለች፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ ትመገባለች፤ ያም ካልሠራ እንደገና ይከፍቷታል፤ ሰውነቷ አሁን ባለበት ሁኔታ ደግሞ ሐኪሞቹ እሱን ይፈሩታል። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

«እማዬ፣ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ምግብ አምጥተው በሬ ላይ ቆመው፣ ሆዴን አስቆርጬዋለሁ ልበላቸው?»

እውነቱን የተናገረችው አንድ ዓርብ ማታ ነው። የሰንበት ሻማው በርቷል፣ ዳቦው ተባርኳል፣ አክስቴ እኛ ቤት ናት። እንደ ልማዷ ከዳቦው ቆርሳ፣ ወጡን ጠቅልላ፣ ወደ እናቴ አፍ ዘረጋች። እናቴ አፏን ገጠመች።

«በሞቴ!»

«አትሙቺ፣ እታለም» አለች እናቴ። «ሐሞት አልነበረም። ሆዴን አሳንሰውታል። እኔው ነኝ ያስቆረጥኩት።»

የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወጡ በመዳፏ ወርዶ አንጓዋ ላይ ሲደርስ እንኳ አላወቀችውም።

«አስቆረጥሽው?»

«ስኳሩ ሊገድለኝ ነበር።»

«እኔ አንቺን በስደቱ ጊዜ ሱዳን ላይ ከአፌ እያወጣሁ ነው ያጎረስኩሽ» አለች አክስቴ። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «የእናታችን ጡት ደርቆ። ወንድማችን ራበኝ እያለኝ፣ እያየሁት አለፈ። ለሁለታችሁ አልበቃ ስላለኝ ለአንቺ ነው የሰጠሁት። እና ጥጋብ አገር አስገብቼሽ፣ ሆድሽን ለቢላ ሰጠሽው?»

ጉርሻውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ ወጣች። ስለ ወንድማቸው እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴም አልሰማችም ኖሯል።

አክስቴ ካልመጣች እናቴ ትተርፋለች ብዬ ነበር፤ እኔም ነገሩ የገባኝ መስሎኝ። ጭራሽ መብላት አቆመች። ምስር ቀቅዬ ፈጭቼ አመጣላታለሁ፣ ኮቴጅ አይብ በማንኪያ አቀርብላታለሁ፣ አንድ ትቀምስና ማንኪያውን ታስቀምጠዋለች። «አልወርድ አለኝ የኔ ልጅ። የእሱ ድርሻ ይመስለኛል።» ምስሩን ከድኜ አስቀመጥኩት።

የምግብ ባለሙያዋ ቀጠሮ ሲደርስ አክስቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፣ ግቢ አላለችኝም።

«እታለም፣ ነይና ራስሽ ስሚ። እኔ እተረጉምልሻለሁ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቢላ የሚያውቁት አሉላት።»

«ቱቦ ሊያስገቡባት ነው።»

መጣች። አውቶቡሱ ላይ ከእኛ ርቃ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥም እናቴን አላየቻትም፤ የምታየው ባለሙያዋን ነው፣ የምትጠይቀው እኔን። ባለሙያዋ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንድ ገበታ ማለት ይቺን ሙሉ ናት። አክስቴ አንስታ አገላበጠቻት።

«በይ ጠይቂያት። በማንኪያ አልበላም ትላለች። በእጄ ባጎርሳትስ?»

ባለሙያዋ ትንሽ አሰበች። «ከአውራ ጣት ጥፍር ካልበለጠ። በደንብ ታኝክ። ከዋጠች በኋላ ደግሞ ጠብቂ፤ ቸኩለሽ ሁለተኛ እንዳትሰጫት።»

«ይኸ ጉርሻ ነው?» አለች አክስቴ ጥፍሯን እያየች። «ይኸ ለጫጩት ነው።»

በነጋታው አክስቴ፣ እናቴ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መጣች፤ ከሥራ ስትመለስም ደጅ ቆማ ጠበቀቻት። ምስሩን ያለ ዘይት አፍልታ ትፈጨዋለች። ሽሮውን ታቀጥነዋለች፣ በርበሬውን ለምልክት ያህል ጣል ታደርግበታለች። ዓሣ ቀቅላ አጥንቱን በጣቷ ትፈልጋለች፤ እንቁላሉን እንደ ገንፎ አለስልሳ ታማስለዋለች። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ በጥፍሯ ልክ እየቆነጠረች ታጎርሳታለች።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«አልዋጥሽም። ጉንጭሽ ውስጥ ነው፣ አየሁሽ።»

«እታለም፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ!»

«ልጅ ነሽ። ውሃውን አስቀምጪ! ውሃ በኋላ ነው ተብሏል!»

በማንኪያ እምቢ ያለው በእጅ ወረደ። ሁልጊዜ አይደለም። የሚመለስበት ቀን ነበር፤ አክስቴ ያኔ ጎንበስ ብላ ወለሉን ትጠርጋለች፣ እናቴም ቀና ብላ አታያትም። ስለ ወንድማቸው እንደገና ሲነሳ አልሰማሁም። አክስቴ ይቅር ያለቻትም አይመስለኝም።

የዘመድ ሠርግ ሲመጣ አክስቴ ከእናቴ ጎን ቦታዋን ያዘች። የመጀመሪያው ጉርሻ ሲዘረጋ እጁን አየር ላይ ጠልፋ ራሷ ጎረሰችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛዋ ሴት ስትቆጣ፣ አክስቴ አፏ እንደሞላ ለጠረጴዛው ሁሉ ተናገረች፦ «ሆዷን በሐኪም አሳንሳለች! ያ በሽታ አይደለም፣ አትሞትም! ማጉረስ ያማረው እኔ አለሁለት!»

እናቴ ጠረጴዛ ሥር መግባት ነው የቀራት። አንዱ «ለቁንጅና ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ጥቂት ሰዎችም አብረውት ሳቁ። ሹካዋን አስቀምጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፣ ተከተልኳት። እጇን ስትታጠብ አጠገቧ የቆመች ሴት፣ በመስተዋቱ ውስጥ እያየቻት፣ «እኔም» አለቻት በቀስታ። «ባሌ እንኳ አያውቅም። ምን ምግብ ነው የሚረጋልሽ?»

ሰው ሲገባ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ዛሬ ውጤቱን ይዘን አክስቴ ቤት ገባን። እኔ እየዘለልኩ ነገርኳት። «ተመስገን» አለች፣ ወንበር ሳበች፣ እናቴን አስቀመጠቻትና ድስቱን ከፈተች። ባለሙያዋ እኮ ሁሉም አልቋል አላለችም። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልኳን ነው፣ ፀጉሯ ገና አልተመለሰም፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ማር ያለበት ሻይ ሰጥተዋት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያልፍላት ጠብቃለች። ግን ትበላለች። በአፏ ትበላለች።

እናቴ ስታኝክ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ያቺ ሠርጉ ላይ ያገኘቻት ሴት ማን ናት?»

«አናውቃትም።»

«እንዲህ ተደብቀው የሚያስመልሱ ስንት አሉ? አንቺ ጽሕፈት ተማርኩ ትዪ የለ? ጻፊው። ይምጡ በያቸው።»

ይኸው ጻፍኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ነው፤ ጊሜል፣ ሠርጉ ላይ ጉርሻ የጠለፈችዋን ሴት ቤት የትኛዋንም የሰፈር ሴት ብትጠይቁ ታሳያችኋለች። ለምን እንደመጣችሁ መናገር የለባችሁም፤ ልጠይቃት መጣሁ፣ ቡና ልጠጣ መጣሁ በሉ። ምግብ ይዛችሁ አትምጡ። የተፈጨ ምስርና ዓሣ አለ፣ ትንንሽ ስኒ አለ፣ መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቢመለስባችሁም ማንም ዞሮ አያያችሁም። የሐኪም ቋንቋ ያስቸገራችሁ ካላችሁ እኔ እዚያው ነኝ፤ እተረጉምላችኋለሁ። አንቺም ባልሽ የማያውቀው፣ ይህን ካነበብሽ፣ እናቴ ምን ምን እንደሚረጋላት ልትነግርሽ እየጠበቀችሽ ነው። ነይ።