ባሌ የጠራት ዋስ

ሴት በሴት ትቀናለች፤ ያለ ነው። እኔ ግን የቀናሁት በአገር ነው። በአንድ ሙሉ አገር፣ ከነጭቃው ከነወባው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ባሌ ወታደር ነበር። ደቡብ ሱዳን እርስ በርሱ ሲጫረስ ሰላም ሊያስከብር ሁለት ጊዜ ሄዷል። ጡረታ ሲወጣ መንዝ ገባ፤ ዘመሮ አጠገብ ገብስ እያረሰ በግ ማርባት ጀመረ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ልጅ ጋር ስለፋ ውዬ ቤቴ ስገባ የሚያጫውተኝ ሰው እሻለሁ። እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ቃል ይሰስታል። "በጎቹ ገቡ?" ስለው "ገቡ"። "ራስህን አመመህ እንዴ?" ስለው "ደህና ነኝ"። በቃ! ያቺን አገር የሚያነሳ እንግዳ ከመጣ ግን ማን ያስቁመው።

እዚያ አገር አንዲት ሴት አለች። ልጆቿን ይዛ ከጦርነቱ ሸሽታ የጦር ሰፈራቸውን አጥር ተጠግታ ትኖር ነበር፤ ሻይ ትሸጣለች። ማለዳ ማለዳ አጥሩ ጋ ትመጣና "ዛሬም አላችሁ?" ትላለች። "አለን" ሲሏት ሄዳ እሳቷን ታነዳለች። ይህን ስንቴ ሰማሁት! አንዴም ግን ለእኔ ብሎ አልነገረኝም፤ ለሌላ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት። ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጨምር ሳይቀር ያውቃል። እኔ ሻይ ያለ ስኳር እንደምጠጣ ግን ካገባኝ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም እየረሳ ይጨምርብኛል። ኧረ ተዉኝ!

በመጥፎ አልጠረጠርኳትም። ብጠረጥራት ይሻለኝ ነበር። ውሽማ ብትሆን ጸጉሯን ነጭቼ ይወጣልኛል፤ የዚህችን ምኗን ልንጭ?

ያ አገር እንደገና ሊታመስ ነው ተባለ። ሬዲዮው ጠዋት ማታ የውጭ ጦር ይግባ አይግባ ሲል ይውላል። ከዚያ አገሩን የሚያውቁ የቀድሞ ወታደሮች እየተመዘገቡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቅዳሜ የባሌን ኮት ላራግፍ ሳነሳ ኪሱ ውስጥ ቅጽ አገኘሁ። ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፤ ሰኞ ሊያስገባው ነው። እኔን አላማከረኝም። መልሼ ኪሱ ከተትኩትና እሳት ለብሼ አደርኩ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰበሰብን፤ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን አቀረበ። ወሬው ወዲያው ወደዚያ ጦርነት ዞረ፤ ሁሉም ባንዴ ይጮሃል። የሰንበቴያችን ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ በወጣትነታቸው በሙግት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። "ምን እንደ ገበያ ትንጫጫላችሁ? እንደ አባቶቻችን ወግ ሙግት ግጠሙ!" አሉ። ተናጋሪው ይቆማል፤ ለቃሉ ዋስ ይጠራል፤ የተጠራው "ዋስ ነኝ" ሲል ንግግሩ ይቀጥላል። ለጨዋታ ነበር።

"ይግባ" ብሎ የቆመው ባሌ ነው።

"ዋስ ጥራ!" አሉት ሙሴው።

ወንድሙ አጠገቡ ነው። አባቴ ፊት ለፊቱ ናቸው። እኔ በር አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ለጨዋታም ቢሆን ይጠራኝ ይሆን ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። አይ ጅልነት!

"ዋሴ ያቺ ሻይ የምትሸጠው ሴት ናት" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። "የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጠቡ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እኛ አጥሩ ላይ ስንቆም የእሷ ልጆች እንቅልፍ ይተኙ ነበር። እኔ ሌላ ፖለቲካ አላውቅም" አለ። "እውነቱን ነው" የሚሉ በዙ።

ሙሴው "የሚረታው አለ?" ሲሉ ብድግ አልኩ።

"ምን ሆነሻል መምህርት? ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው፤ አይሟገቱም" አሉኝ ሙሴው።

"ቅጽ ሲሞላ አንድ አካል መሆናችን መች ትዝ አለው! ይፍቀዱልኝ አባባ።"

ባሌ ደነገጠ። ሙሴው በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ፤ ቀጠልኩ። "የሚገባ ጦር ሁሉ የላኪውን ፍላጎት ይዞ ነው የሚገባው። አንዱ አንዱን ወገን ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን፤ የሁለት ሰው ጠብ የአሥር ይሆናል። ጦርነት የእኛ ደጅ የደረሰ ጊዜ የውጭ ሰው ይግባ ሲባል እዚሁ ቤት ተቆጥታችሁ አልነበረም? ለራሳችን ያልፈቀድነውን ለሰው አገር እንፈርዳለን?"

"እሱስ ልክ ብላለች" አለ ሰዉ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ቅናት መች ያስቀምጣል።

"ደግሞስ ዋስ ማለት ሲጠሩት አቤት የሚል ነው። በል ጥራታ! የት አለች? የመጨረሻ ቀን ምን ብለሃት መጣህ?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሼ ልውጠው አልችልም።

"ዛሬም አላችሁ ወይ አለችኝ" አለ ባሌ። "ነገም አለን አልኳት። የመውጫው ትእዛዝ ግን ደርሶን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ለቀን ወጣን። በእኛ ቦታ የተተካ አልነበረም። ትኑር አትኑር አላውቅም።"

ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት። የመጀመሪያ ልጃችንን ስንቀብር ጠብታ እንባ አላየሁበትም። ያኔ ወታደር አያለቅስም ብዬ ነበር፣ አክብሬው። አሁን እያየሁት ላዝንለት ሲገባኝ ነደድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሞተችም ብትሆን ቀናሁባት።

"ዋሱን ያላቀረበ ተረቷል" አሉ ሙሴው፣ እኔን ሳያዩ። ዳቦው እንኳ በወጉ አልተበላም፤ ሰው አንድ አንድ እያለ ወጣ።

ሰኞ ከተማ አልሄደም። ቅጹን አጣጥፎ ምድጃው ውስጥ ከተተውና በጎቹን አሰማራ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ "እሰይ የኔ ጀግና፣ አስቀረሽው አይደል!" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ቀኑን ሙሉ እንደ ሙሽራ ጉድ ጉድ ስል ዋልኩ።

ሲገባ ውሃ አቀረብኩለትና እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። "ለእኔ ብለህ ነው የቀረኸው?"

እጁን ታጥቦ ጨረሰና በጋቢው ጫፍ አደረቀ።

"ሄጄ በሕይወት ባገኛትስ?" አለኝ። "ምን ብዬ አያታለሁ?"

ባሌን ያስቀረችልኝም እሷው ሆነች።