ባዶ የወጣው ወረቀት

መምህሯ ቁጭ ብላ ማስተማር ከተወች አራት ዓመት ሆናት። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትንቆራጠጣለች። ተማሪዎቿ በስሟ አይጠሯትም፣ «እትዬ ዜሮ» ነው የሚሏት። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ስታስተምር «መጨረሻ ላይ ዜሮዋን እንዳትረሱ!» ሳትል የዋለችበት ቀን የለማ።

ዕረፍት የነሳቻት የገዛ እህቷ ነበረች። መምህሯ ድሮ ለሆስፒታሉ የሕሙማንን ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም ጽፋ ነበር። ከላይ ስም፣ ከሥሩ ለሰውየው የማይስማማው መድኃኒት ይወጣል። ታናሽ እህቷ እዚያው ነርስ ነበረች። አንድ ቀን ከፎቅ ወድቆ ራሱን ስቶ ለመጣ ግንበኛ የማይስማማውን መርፌ ወጋችው፤ ሰውየው ለጥቂት ተረፈ። «ከስሙ በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር» አለች ነርሷ። ወረቀቱ ግን ተጥሏል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገብ ሲከፈት ደግሞ መድኃኒቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ መምህሯን ጠርቶ ጠየቃት። እሷም አፏን ሞልታ «የእኔ ፕሮግራም አንድ ፊደል አይጥልም» አለች። ታናሽዋ ከሥራ ተባረረች፣ እህትማማቾቹም ሆድና ጀርባ ሆኑ። መምህሯ እውነቱን ተናገርኩ ብላ ራሷን ብታጽናናም እንቅልፏ አልተመለሰም።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሃያ ክፍል ያለው ረድፍ ሣለች።

«ሲ ስም የሚባል ነገር አያውቅም» አለች። «ተደርድረው የተቀመጡ ፊደሎችን ብቻ ነው የሚያውቀው። በየክፍሉ አንድ አንድ ፊደል ታስገባላችሁ። ማለቁን በምን ይለያል? ከመጨረሻው ፊደል ቀጥላ በምትገባው በዜሮዋ! እሷን ሲያገኝ ያቆማል። ገና መጀመሪያው ክፍል ላይ ካገኛትማ ምንም የለም ብሎ ያልፋል።»

ከፊት የተቀመጠች፣ በሙያዋ ልብስ ሰፊ የሆነች፣ ሳትለካ የማትቆርጥ ተማሪ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ስሙ ራሱ ልክ ሃያ ፊደል ቢሆንስ? ዜሮዋ የት ትገባለች?»

«ጎረቤት ቤት ነዋ፣ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ውስጥ!» ክፍሉ ሳቀ። «ሲ እንደሆነ የሰው ቤት ነው ብሎ አይከለክላትም። የጎረቤቱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ጉብ ትልና...»

ክው ብላ ቀረች። በሆስፒታሉ ፕሮግራም ለስም ሃያ ክፍል የሰጠችው ራሷ ናት። ከስሙ ቀጥሎ ያስቀመጠችው የማይስማማውን መድኃኒት ነው። ፕሮግራሙ ለማተም ከመዝገቡ ሲቀዳ መጀመሪያ መድኃኒቱን ይሞላል፣ ከዚያ ስሙን፤ የስሙ ዜሮ የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ታርፋለች።

«ለዛሬ ይበቃናል» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ የግንበኛውን ስም በጣቷ ቆጠረች። አራት ዓመት ሙሉ ከአእምሮዋ ያልጠፋ ስም ነው። በላቲን ፊደል፣ ከነክፍት ቦታው፣ ሃያ። አሥራ ዘጠኝ ይሆንልኝ ብላ ደግማ ቆጠረች፤ ሃያ። ላፕቶፗን የመስኮቱ ደፍ ላይ ከፍታ የድሮው ፕሮግራሟ ቅጂ ውስጥ ስሙንም መድኃኒቱንም አስገባች። ስሙ ወጣ። ከሥሩ ምንም የለም። መዝገቡን ስትከፍት ግን መድኃኒቱ በቦታው አለ። ላፕቶፗን ዘጋች።

አውቶቡስ መጠበቅ አልቻለችም፤ በእግሯ ሄደች፣ ግማሹን መንገድ ሮጠች። ታናሽዋ ከተባረረች ወዲህ በምትሠራበት የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ወረቀቱ ባዶ ነበር።» መምህሯ ሃያውንም፣ ዜሮዋንም፣ ጎረቤቱንም ትንፋሽ እያጠራት ዘረገፈችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

ታናሽዋ የሸሚዙን እጅጌ ገለበጠች። «እኔን ያንገበገበኝ ዜሮሽ አይደለም። በዓይኔ አይቻለሁ አልኩሽ እኮ። አንድ ጊዜ እንኳ እስቲ ልየው አላልሽም።»

መምህሯ አለቀሰች።

ታናሽዋ ድንገት ካውያውን አቆመች። «ቆይ፣ ያ ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«አሁን? እያተመ?»

መምህሯ አፏን ያዘች። ከትምህርት ቤቱ እስከዚህ ስትሮጥ ያሰበችው ስለ ይቅርታው ብቻ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ተኝቷል እኮ እዚያ!» ታናሽዋ የካውያውን ገመድ ነቅላ፣ ሸሚዙን እንደተዘረጋ ትታ፣ ወደ ሆስፒታሉ መሮጥ ጀመረች። መምህሯ ከኋላዋ ተከተለቻት፣ ግን አልደረሰችባትም።