አምስት ጊዜ የተገደለው ሻለቃ

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ላይ አስተማሪ ሳለሁ፣ የአካባቢያችንን አርበኞች ታሪክ በጋራ ከሚጽፉ ሽማግሌዎች ማኅበር ገባሁ። የገባሁት ለክብር ብዬ አልነበረም። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ጫካ ላሉት አርበኞች ከሱሉልታ ዱቄትና ጨው በበቅሎ ሲያመላልስ ቡራዩ አጠገብ ተይዞ ተገደለ። ስሙ የትም አልተጻፈም። አንዲት መስመር ላስገባለት ፈልጌ ነበር፤ እናቴም ያችኑ መስመር ትጠብቅ ነበር።

ማኅበሩ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ ፊታውራሪ የአቀባበል ንግግር አደረጉልኝ። እዚህ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም እኩል ይጽፋል አሉና ሲያበቁ በሩ ሥር ያለችውን ወላቃ በርጩማ አሳዩኝ። የአዲስ ገቢ ደንቡ ሁለት ነው፤ አረቄ ይዞ መምጣትና የሽማግሌ ቃል አለመሰረዝ። መጨመር ይፈቀዳል፣ መሰረዝ ነውር ነው። አረቄውን ይዤ ስለነበር የመጀመሪያውን ወዲያው አለፍሁ።

ደብተሩን ስገልጥ ጉድ አየሁ። አንድ የጣሊያን ሻለቃ እዚሁ ሰበታ በጥይት ተገድሏል። ሦስት ገጽ እልፍ ብሎ ያው ሻለቃ ሆለታ መንገድ ላይ በጎራዴ ተቀልቷል፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በጦር ተወግቷል፣ በመጨረሻም ቡራዩ ገደል ገብቷል። አባል በገባ ቁጥር የየራሱን ሻለቃ ገድሎ ነው የሚገባው፤ የቀደመውን ደግሞ ማን ይሰርዛል? ከገዳዮቹ አንዱ ያን ጊዜ የጣሊያን መጋዘን ጠባቂ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

"ፊታውራሪ፣ ይህ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሞተው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጠላት አይደለም እንዴ? ቢደጋገምስ ምን አለበት?" አሉኝ፤ ሲናገሩ ፈገግ እንኳ አላሉም።

ስለ አባቴ ስነግራቸው ሌሎቹ ወደ ብርሌያቸው ተመለሱ። ከሱሉልታ የሚመጡት፣ ሁሉም በአክብሮት ኦቦ የሚሏቸው የኦሮሞ አዛውንት ብቻ ወደ እኔ ዞሩ። "ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የአባትህን ዱቄት በልቻለሁ። እሱ ባይኖር ጠመንጃ የሚያነሳ ጉልበት አልነበረንም" አሉኝ።

"ዱቄት ታሪክ አይሆንም" ብለው ፊታውራሪ አቋረጧቸው። "ይልቅ እንግዳችን ነህና ባዶ እጅህን አንሰድህም። ሻለቃውን ለአባትህም እንስጠው።" ሁሉም ባንድ አፍ ተስማሙ። በዓመት በአንድ ገጽ እንኳ የማይስማሙ ሰዎች! ኦቦ መሬት መሬት አዩ።

እኔም ጻፍሁት። በልቤ ስስቅባቸው የቆየሁት ሰውዬ፣ በዚያ በተማሪ ፊት በምኮራበት የእጅ ጽሕፈቴ፣ አባቴን ከበቅሎው አውርጄ ጎራዴ አስያዝኩት። እንዳይጠፋ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቤት ሄጄ ለእናቴ አነበብኩላት። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ሰማችኝ፣ ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት።

"ነፍሱን ይማረው፣ ጀግና ነው" አለች። "የኔን ባል መቼ ነው የምትጽፈው?"