አባቴ የተወው ቃል

የኛ አገር ሰው ሐይቅ ሲል ከተማዋን ማለቱ ነው። «ሐይቅ ደርሼ መጣሁ» ካለ ገበያ ውሎ ወይም ወፍጮ ቤት ደርሶ ተመልሷል እንጂ እግሩን ውሃ አልነካውም። የውሃው ስም ሌላ ነው፤ ባሕር ይባላል። ልብስ የሚታጠበው ባሕር ዳር ነው፣ ከብት የሚጠጣው ከባሕር ነው፣ አባቴም ዕድሜውን ሙሉ መረብ ሲጥል የኖረው ባሕር ላይ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ፣ ጨዋማ ባሕር እንዳለ ተምሬያለሁ። ያ ግን ለፈተና ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ደረሰኝ። የውቅያኖስ ጥናት መግቢያ የሚባለውን ትምህርት በጀመርንበት ቀን መምህሩ፣ «ከመሃላችሁ ባሕር አይቶ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀን። እጁን ያወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የት አየኸው?»

«እኛ አገር ነዋ። ቤታችን ባሕር ዳር ነው። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው።»

«አገርህ የት ነው?»

«ሐይቅ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቀ፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ሳቁ አምልጦት ነው። እኔ ግን እስክመረቅ ድረስ ስሜ «ባሕረኛው» ሆኖ ቀረ። ጠዋት ቁርስ ስሰለፍ እንኳ «ባሕረኛው፣ ማዕበሉ እንዴት አደረ?» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። አብሬ እየሳቅሁ አሳለፍኩት። በሆዴ ግን የተናደድኩት በነሱ አልነበረም፤ ያን ቃል ባስተማረኝ ሰው ነበር።

በእልህ ይመስለኛል ትምህርቱን አጥብቄ የያዝኩት። የውቅያኖስ ጥናት አራት ዋና ዋና ዘርፎች እንዳሉት ዛሬም እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብትጠይቁኝ እዘረግፈዋለሁ። አንዱ ፊዚክሱ ነው፤ የውሃውን ሙቀትና ክብደት፣ ማዕበሉን፣ ውሃው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚጓዝ ይመረምራል። ኬሚስትሪው ጨውና አየሩን፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ይመለከታል። በዓይን ከማይታየው ተክል እስከ ዓሣ ነባሪ ያለው ነፍስ ያለው ነገር የባዮሎጂው ነው። ጂኦሎጂው ደግሞ ወለሉን፣ ደለሉንና ከውሃው በታች ያለውን ተራራ ያጠናል። መምህሩ ደጋግሞ የሚለን ግን እነዚህ አራቱ የተለያዩት ለሰው አመቺ እንዲሆን ነው፤ ውሃው ራሱ ይህን ክፍፍል አያውቀውም። ይቺን በደብተሬ ጽፌ ከሥሯ አስምሬባት ነበር። ማስመሩ ብቻውን ምንም አልፈየደኝም።

ተመርቄ እዚያው አገሬ መምህር ሆንኩ። የውቅያኖሱን ምዕራፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ እንደ ተረት ይሰሙኛል። እውነት አላቸው፤ አስተማሪውም ባሕር አላየም። አንድ ቀን ታዲያ ክፍሉን ይዤ ወደ ውሃው ልውረድ ብዬ አሰብኩና አባቴን ታንኳውን እንዲያውሰን ለመንኩት። «ምን ገዶኝ!» አለ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ስንደርስ አባቴ ለጁምዓ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ታንኳውን አጥቦ፣ ቆሞ ይጠብቀናል። በዚያ ልብስ ታንኳ ላይ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። ተማሪዎቼን በአራት ቡድን ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ የላዩንና የውስጡን ውሃ ሙቀት ለካ። አንዱ ውሃውን ቀምሶ ምን ምን ሊሟሟበት እንደሚችል ተከራከረ። አንዱ በመረቡ የተያዘውን ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ቆጠረ፤ የቀረው ደግሞ ቆርቆሮ በገመድ እያወረደ ጭቃ ያወጣል። አባቴ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ገመድ ይይዝላቸዋል። ኩራት ተሰማኝ፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ በእሱ ሳይሆን በራሴ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ «አባባ፣ በብርድ ጊዜ ዓሣው አንዳንዴ ሞቶ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ባሕሩ ሲገለበጥ ነዋ የኔ ልጅ» አለ አባቴ። «ብርዱ ከአምባሰል በኩል ሲወርድ ባሕሩ…»

«ሐይቁ» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «እሺ፣ ሐይቁ። ብርዱ ሲጠና የላዩ ውሃ ይከብድና፣ ባሕሩ…»

«አባዬ፣ ባሕር አይደለም፤ ሐይቅ ነው። ልጆቹ ለፈተና ይሳሳቱብኛል።»

ልጆቹ ሳቁ። ያ ሳቅ የማውቀው ሳቅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ራሱ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ በመሄዱ፣ ምን ልዋሽ፣ ቀለል አለኝ። አባቴ የጀለቢያውን እጅጌ ወደ ታች ጎትቶ፣ «መምህራችሁ ያስረዷችሁ» አላት ልጅቷን። የወለደው ልጁን፣ እኔን፣ አንቱ አለኝ።

እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም ነበር። «ከእርሻው የሚገባ ኬሚካል ሊሆን ይችላል» ብዬ አለፍኩት። ሁሉም ጻፉት።

ከዚያ ቀን በኋላ የተለወጠውን ነገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን እነሱ ቤት ስገባ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ሞቅ ያለ ጨዋታ ይዞ፣ «ባሕሩ ዛሬ ዝም ብሏል፤ ነገ ግን…» ሲል ሰማሁት። እኔን ሲያይ ቃሉን ዋጠና «ውሃው ነገ ይነሳ ይሆናል» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ስከታተለው ነገሩ እንዲያው ነው። እኔ ባለሁበት ባሕር አይልም። ሐይቅ ማለትም አልሆነለትም መሰለኝ፤ ውሃው፣ ውሃው፣ ውሃው ብቻ።

በጥር ወር ብርዱ በረታ። አባቴ ማንም ሳይነግረው መረቡን ከውሃው አወጣ። በሦስተኛው ቀን ዓሣው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ ወጣ፤ ዳር ዳሩ በሞተ ቆሮሶ ነጣ። ያን ሰሞን የድሮውን መማሪያ መጽሐፌን አወጣሁና ለፈተና አይመጣም ብዬ የዘለልኩትን ክፍል አነበብኩ። የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ አየር ያጣው የታችኛው ውሃ በፈንታው ይወጣል። በውቅያኖስም በሐይቅም እንደየአኳኋኑ የሚሆን ነው። ፊዚክሱ ኬሚስትሪውን፣ ኬሚስትሪው ዓሣውን ሲነካ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። አባቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሰው ነበር፤ አፉ ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ተማሪዎቼን የጻፉትን አሰርዤ አረምኩ። ከባዱ እሱ አልነበረም። መጽሐፉን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩና፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ያልከው ልክ ነው። ይኸው፣ እዚህም ተጽፏል» አልኩት።

«ማሻአላህ» አለ፤ «መጽሐፉም ያውቀዋል?» ሽሙጥ አልነበረውም። ሽሙጥ ቢኖረው ደስ ባለኝ።

«እስቲ የጀመርከውን ጨርስልኝ። ባሕሩ ሲገለበጥ ያልከውን።»

«አብሽር፣ ረስቼዋለሁ።»

የዚያን ውሃ እያንዳንዷን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አልረሳውም። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ሳልለው ተነሳሁ። በኛ ቤት አባት ልጁን ይምራል እንጂ ልጅ ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ሲል አላየሁም። በቃሉ በኩል እመልሰዋለሁ ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እሱ ፊት ባሕር ባሕር ማለት ጀመርኩ። እሱ ውሃው እያለ ይመልስልኛል።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ክፍል የገባችው ልጄ ከእሱ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣ መረብ ሲጠግን ታየዋለች። ከኋላቸው ደረስኩ። ድንገት ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ያን ጥያቄ በድጋሚ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። «አውቃለሁ» አልኩ፤ እጄንም ወደ ውሃው ዘረጋሁ። «ይኸው ባሕር። እዚሁ ነው ያደግሁት።» ይህን ስል ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

አባቴ መረቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ እኔን አላየም፤ የልጄን ፀጉር እየዳበሰ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትሽ ለኔ አዝኖ ነው እንዲህ የሚለው» አላት። «አንቺ ለፈተናሽ ሐይቅ ብለሽ ጻፊ።»