ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ያሉ ዕለት

ትናንት የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ከአምደወርቅ ደወለችልኝ። ልጇ ውጭ አገር ሕክምና ሊማር ተነሥቷል፤ ደላላው ትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው ብሏታል። “አንቺም የተማርሽው ውጭ ነው፤ ጥሩ ነው በይኝና ልገላገል” አለችኝ። እውቅና እንዳለው ጠየቅኋት። “እሱን ደላላው ይጨርሰዋል” ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ አባቴ ትዝ አለኝ።

በወጣትነቴ ዲግሪዬን ይዤ ከባሕር ማዶ ስመለስ ሰቆጣ ያለው ጤና መምሪያ ሥራ ሊያስጀምረኝ አልቻለም። የተማርኩበት ትምህርት ቤት እውቅና እንዳለው ገና አልተረጋገጠም። ካልተረጋገጠ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ውኃ በላው ማለት ነው፤ ሐኪም መሆኔ ይቀራል። እንዲህ በሽቄ ጋዝጊብላ ገባሁና ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በኽምጣኛ የሚያስብ፣ አማርኛውን ገበያ ለገበያ የለመደ ገበሬ ነበር። “እስካሁን እውቅና የለውም” ስለው “የሚያውቀው ሰው የለም” ያልኩት መሰለው።

“ታዲያ ይኸ ምን ያስቸግራል? እናውቀዋለን እንላቸዋለን” አለ። በማግስቱ ጎረቤታችንን አያ ወልዱንና ሌላ አንድ ሽማግሌ ይዞ ተነሣ። ላስረዳው ብሞክር ማን ሰምቶኝ።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የባቄላው እሸት ግን ደርሷል። ለመንገደኛ እሸት የሚከለክል የለምና እየፈለፈልን እስከ መኪናው መንገድ ወረድን። እሸት የበላ ሰው ሆዱ እንደሚነፋ ለሐኪም አይነገርም፤ በላሁ። ከዚያ በሚኒባስ ሰቆጣ ገባን።

የመምሪያው ኃላፊ ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበ። አያ ወልዱ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ልጅ ሊጠይቅ እንደሄደ ሽማግሌ፣ “ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም” አሉ።

ኃላፊው ግራ ገባው። “አባቶቼ፣ እኔ እኮ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ የለኝም።”

“የልጄን ትምህርት ቤት እወቁልኝ ልንል ነው” አለ አባቴ። “እኛ እናውቀዋለን።”

“አይተውታል?”

“እሷ ተምራበታለች። ሌላ ምን ልይ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። “ልጅዎን አልተጠራጠርንም” አለ ቀስ ብሎ። “ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ሐኪም የሚያወጣ መሆኑን ያገሩን መንግሥት እየጠየቅን ነው። ሳናጣራ የማይችል ሰው ብናመጣ የሚጎዳው እናንተ ናችሁ።”

ይኼኔ አያ ወልዱ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። አባቴ ደነገጠ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የአያ ወልዱ ልጅ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ነበረች። ነጭ ጋዋን ለብሶ ሐኪም ነኝ እያለ በየገበያው የሚዞር አንድ ሰው መርፌ ወጋትና ሞተች።

“የዚያን ሰው ትምህርት ቤት የጠየቀ አልነበረም” አሉ አያ ወልዱ። “የእሷን ይጠይቁ።”

ሁለተኛው ሽማግሌም ተቀመጡ። አባቴ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ልቤ ቆሰለ። ከጎኔ ሆኖ መቆም የሚያውቀው በዚያው ብቻ ነበር። ግን አያ ወልዱ ፊት ምን እላለሁ?

“ተቀመጥ አባዬ፣ ይጠይቁ” አልኩት።

ማረጋገጫው የመጣው የሚቀጥለው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ፈተናም ተፈትኜ አለፍኩ፤ እንደማልፍ አልተጠራጠርኩም፣ ጎበዝ ነበርኩ። ይኸው ዛሬም እዚሁ ሰቆጣ አክማለሁ። እውቅና የሚባለው ለእኔ ለባለዲግሪዋ የሚሰጥ ክብር ይመስለኝ ነበር። ክንዱን ለመርፌ ለሚዘረጋው ሰው መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለትርንጎ ይህን ሁሉ ብነግራት አኮረፈች። “ለገዛ ዘመድሽ አንዲት ቃል ይከብድሻል?”

“ትርንጎ፣ ልጅሽ ተመርቆ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያክመው አንቺን ነው” አልኳት።

 “የት ነው የሚጠየቀው?” አለችኝ።