መሸሻ ማኪና ሲያጣጥል

ጉለሌ ውስጥ፣ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በስተላይ፣ መሸሻ የሚባል ቀናተኛ ሰው ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁም። ቅናቱ የሚስት ቅናት አልነበረም። ሚስቱን ሙሉን ገበያ ውላ ስትመጣ የት ቆየሽ ብሏት አያውቅም። የሱ ቅናት የሰው ዕቃ ሲያይ ነው የሚነሣው። ጎረቤት የከደነው ቆርቆሮ፣ ወዳጅ ያደረገው ባርኔጣ፣ ለፋሲካ የተገዛ በግ ላት ሳይቀር ቆሽቱን ያሳርረዋል።

ከፍ ብሎ የወረደ ሰው ስለነበረ ደግሞ ባሰበት። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት መሸሻ የአንድ ደጃዝማች ሾፌር ነበር። በሰፈሩ መሪ የጨበጠ ሰው ከሱ በቀር አልነበረም። እሱ ሲያልፍ ልጆች እየተንጫጩ ይከተላሉ፣ ትልልቆቹ በቅሏቸው እንዳትደነብር ልጓም ይዘው ዳር ይቆማሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ መሸሻን ግን አድምቆት ነበር። በኋላ ደጃዝማቹ ማይጨው ዘምተው ቀሩ፣ ማኪናቸውን ጣሊያን ወሰደው፣ መሸሻም ከቀጨኔ ቁልቁለት ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ይዞ ፋኖስ እየጠገነ፣ የተቀደደ ባልዲ እየበየደ መኖር ጀመረ። የቀረለት ስሙ ብቻ ነው። ሰዉ አሁንም "መሸሻ ሾፌሩ" ይለዋል። የማኪና ነገር ከተነሣ ሁሉም ወደሱ ይዞራል፣ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል። ከዚህች ክብር በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤቱ ነገራ በራፉ ላይ ቆመ። ነገራ የሸጎሌ ልጅ ነው። ያኔ ለደጃዝማቹ ግቢ ድርቆሽ በጀርባው ተሸክሞ የሚያመጣ ጎረምሳ ነበር። አሁን ከብት ይነግዳል፣ ለጣሊያን ሰፈርም ማገዶና ድርቆሽ በአህያ ያስጭናል። ሀብቱ ቢጨምርም መሸሻን እንደ ድሮው በአንቱታ ነው የሚያናግረው፤ መሸሻ ግን ይህንንም አይወድለትም ነበር።

"ጋሼ መሸሻ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።"

"ግባ፣ ምን ሆንክ?"

"ማኪና ልገዛ አስቤአለሁ።"

መሸሻ በእጁ የነበረውን የፋኖስ ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ባያስቀምጠው ይሰብረው ነበር።

"ለእናቴ ብዬ ነው" አለ ነገራ። "እግሯ እምቢ ብሏታል። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ልውሰዳት ብል በቅሎ ላይ መቀመጥ አቃታት። ልጆቹም እንደሚያውቋቸው ብዙ ናቸው። ሙዘይን አንዲት አራት በር ያላት አለችኝ ይላል፤ አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት ናት። አዲስማ ለኛ ማን ይሸጥልናል? አሮጌ ደግሞ ጉዱ አይታወቅም። በሬ ቢሆን በዓይኔ እለየው ነበር፤ የማኪና ጥርስ ግን ፈልቅቄ ማየት አልችል። እርስዎ አይተው ግዛ ካሉኝ እገዛለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ።"

መሸሻ ነገ እንሂድ ብሎ ሸኘው። ማታ እራት ላይ እንጀራውን ገፋ አደረገው።

"ለጣሊያን ማገዶ ሸጦ ባገኘው ብር ማኪና ሊገዛ!" አለ ለሙሉ። "አገር እንዲህ ሆና።"

"ባለፈው ሳምንት የበየድከው ባልዲ የማን ነበር? የጣሊያን ወጥ ቤት አይደለም እንዴ?" አለችው።

ሙሉ አፏ አያዳላም። መሸሻም ለአገር ተቆርቁሮ እንዳልሆነ ያውቃል። ያንገበገበው ሌላ ነው። ነገራ ማኪናዋን ገዝቶ የገባ ቀን ሰፈሩ ስለ ማኪና ሊጠይቅ የሚዞረው ወደ ባለማኪናው ነው። ያቺ የቀረችው ክብር ድርቆሽ ተሸካሚ ወደነበረ ሰው ልትሄድበት ነው። እንዳይገዛ ማድረግ አለብኝ ብሎ ቆረጠ፤ ደግሞ ቀላል መሰለው። ተው ካሉኝ እተዋለሁ ብሎ የለ?

በማግስቱ ወደ ሙዘይን ግቢ ወጡ። ሙዘይን የመን ተወልዶ ጉለሌ ያረጀ ነጋዴ ነው፤ በሸጎሌ መንገድ ዳር ባለው ግቢው ከቆዳ እስከ ጣውላ የማይሸጠው የለም። ማኪናዋ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ግራጫ ናት፣ መካከለኛ ቁመና ያላት፣ የኋላ ወንበሯ ሰፊ። ልጆች ከታቀፉ አንድ ቤተሰብ ከነአያቱ ትጭናለች። የደጃዝማቹን ማኪና ግርማ አታውቀውም፤ የባለ ልጆች ማኪና ናት።

መሸሻ ኮፋኖውን ገልጦ ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ነው። ይህ ደግ ምልክት ነው፤ አስቸጋሪ ሞተር ያለው ሻጭ ገዢ ሳይመጣ አሙቆ ይጠብቃል። ዘይቱን በጣቱ አሻሸው። በጀርባው ተንጋሎ ከሥሯ ገባና ዝገት ፈለገ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ አበላላቸው እኩል ነው፣ አንዱ ወገን ብቻ የተላጨ የለም። ከዚያ አስነሣት። ያለ ጭስ፣ ያለ ማንኳኳት፣ በመጀመሪያው ተነሣች። ደህና ማኪና ነበረች። መሸሻ ይህን ሲያረጋግጥ ሌላ እንከን ፍለጋ ተነሣ።

"እስቲ በአቀበት ትሞከር" አለ።

ሦስቱም ገብተው የቀጨኔን አቀበት ያዙ። ሳትለግም ወጣች። መሸሻ መሐል አቀበት ላይ ሲደርስ ሆነ ብሎ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ባንዴ ለቀቀና አጠፋት። ዳግመኛ እንዳትነሣ በልቡ እየለመነ ሞከራት። ወዲያው ተነሣች። እንዲህ ያለውን ልመና መድኃኔ ዓለምም የሚሰማ አይመስለኝም።

ግቢ ሲመለሱ በሩን በኃይል ዘግቶ ወረደና ጀመረ።

"ይቺ አልቆላታል። ሞተሯ ዘይት ትጠጣለች። መሐል አቀበት ስትሞት አላያችሁም?"

"ወዲያው ተነሣች እኮ" አለ ሙዘይን።

"ዛሬ ተነሣች። ነገ አሮጊት ጭና እንጦጦ ላይ ስትሞትስ? ካምቢዮዋ ያጓራል፣ ማርሹ ሲገባ ጥርስ ለጥርስ ይፋጫል። ከሥር ያለው ብረት ደክሟል፣ አምስት ሰው ከጫነች ሆዷ መሬት ይነካል።"

"ምነው ወንድሜ፣ ሬሳ ነው እንዴ የምሸጠው?"

ነገራ አንድም ቃል አልተናገረም። አንገቱን ደፍቶ በከዘራው መሬቱን ይጭራል። መሸሻ ሲያየው ተስፋ የቆረጠ መስሎት ልቡ በደስታ ሞላ።

እዚህ ላይ የሸጎሌን ገበያ ወግ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እዚያ በሬ የሚገዛ ሰው ብቻውን አይሄድም። ወዳጁን ይዞ ይሄዳል፤ ወዳጁ በሬውን ያጣጥላል፣ ቀንዱ ተንጋደደ፣ ሰኮናው ሳሳ፣ ሆዱ ነው እንጂ ሥጋ የለውም ይላል። ገዢው ዝም ብሎ መሬት ይጭራል፣ ሻጩ ዋጋ ይጥላል። አጥብቆ የሚያጣጥል ወዳጅ ያለው ሰው የታደለ ነው። ነገራ በዚህ ገበያ ነው ያደገው፣ ሙዘይንም እዚያው ቆዳ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው። መሸሻ ግን በሕይወቱ በሬ ገዝቶ አያውቅም፤ የደጃዝማች ቤት ሾፌር በሬ ምን ያደርግለታል?

"እሺ፣ ከጠራሁት ላይ ትንሽ እቀንሳለሁ" አለ ሙዘይን።

መሸሻ ደነገጠ። እንድትረክስ አይደለም የፈለገው። ስለዚህ ጨመረበት፤ ባትሪዋን ሰደበ፣ ፍሬኗን ሰደበ፣ የነዳት ጣሊያን መንዳት የማያውቅ እንደሆነ ከወንበሩ አረጃጀት ይታየኛል አለ። ሙዘይን ፂሙን እያሻሸ እንደገና ዋጋ ጣለ። መሸሻ ላብ አጠመቀው። ነገራን በክንዱ ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ገለል አደረገው።

"ስማኝ ነገራ፣ በነፃ ቢሰጥህም እንዳትወስዳት።"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"አልገባህም። ከልቤ ነው የምልህ።"

"ገብቶኛል አልኩዎ፤ ትንሽ ጮክ ይበሉ፣ እንዲሰማው" አለ ነገራ በሹክሹክታ፣ ዓይኑ እየሳቀ።

ያን ጊዜ ነው መሸሻ የገባው። የተፋው መርዝ ሁሉ ለነገራ ማር ሆኖለታል። ደሙ ፈላ። ካለችው ጦር የመጨረሻዋን አነሣ።

"በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም እምላለሁ፣ ይቺ ማኪና..."

መሸሻ መሐላውን ሳይጨርስ ነገራ አፉን በመዳፉ ያዘው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

"አይሆንም ጋሼ። ለኔ ብለው በሐሰት አይማሉ፣ ነፍስዎን አያስይዙ። የእናቴ ልጅ እንኳ ለኔ እስከዚህ አይሄድም። ይብቃ፣ ባለው ዋጋ ልውሰዳት።"

ወስዷትም ሄደ። ነገራ መንዳት ስለማይችል እስከ ሰፈር የነዳት ራሱ መሸሻ ነው። ስንት ዓመት መሪ ሳይነካ የኖረ ሰው፣ እጁ ጨብጦት ሲሄድ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ቅናቱን ረስቶ ነበር።

ደጃፍ ሲደርሱ የነገራ ልጆች ተንጋግተው ወጡ። ነገራ እናቱንና ልጆቹን ሰፈር እንዲዞሩ ጫነ፤ ሙሉንም ነዪ ግቢ ብሎ ከእናቱ ጎን አስቀመጣት። ሙሉ የሾፌር ሚስት ሆና ስትኖር ማኪና ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። በደጃዝማቹ ማኪና የሾፌር ሚስት አትቀመጥም። ወንበሩን በእጇ እየዳሰሰች፣ "ነገራ፣ እግዜር ይስጥህ" አለች። መሸሻ ይህን ሰምቶ መንገዱን ብቻ አየ።

"ምስጋናው ለጋሼ ነው" አለ ነገራ ከፊት ወንበር ዞሮ። "ዛሬ ያጣጣሉትን ማጣጣል ብትሰሚ! እንደዚያ ያለ በሸጎሌም አላየሁ። ለኔ ሲሉ በመድኃኔ ዓለም ሊምሉ ነበር፣ አፋቸውን ይዤ ነው ያስጣልኳቸው።"

እናቱ እጇን ዘርግታ መሸሻን መረቀችው። ልጆቹ ሳቁ። ሙሉ ብቻ አልሳቀችም። የባሏን ማጅራት ትመለከት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የመሸሻ ስም በሌላ ነገር ወጣ። በቅሎ የሚገዛ፣ የስፌት መኪና የሚገዛ፣ ቆርቆሮ የሚገዛ ሁሉ ና አጣጥልልን እያለ ይወስደው ጀመር። እሱም ይሄዳል። ገዢውን ያያል፣ ዕቃውን ያያል፣ አንጀቱ ያርራል፣ ከዚያ ምላሱ ያለ ድካም ይሠራል። ዕቃው ሲረክስ ገዢው ጉርሻ ይሰጠዋል። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለውን ጉለሌ ሳያውቀው እየከፈለ ይገዛው ነበር። ሰዉ ጥበብ ነው ይላል። ለነገራም መንዳት ያስተማረው እሱ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ ቆሽቱ እያረረ አስተማረው። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ልጆች የሚከተሉት ነገራን ሆነ።

ከዓመት በኋላ መሸሻ ያን ሁሉ ጉርሻ አጠራቅሞ አሮጌ ቢስክሌት ሊገዛ ተነሣ። በራሱ ዕቃ ላይ ምላሱ እንደማይታዘዘው ገባው፤ በገዛ ራሱ የሚቀና የለም። ስለዚህ ነገራን ይዞ ሙዘይን ግቢ ሄደ።

"ዛሬ ተራው ያንተ ነው" አለው።

ነገራ ዕድሜ ልኩን በሬ ሲያጣጥል የኖረ ሰው ነው። ቢስክሌቷን ዞራት፣ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ተጫናት። "ጎማዋ እንኳ..." አለና ቆመ። ቀና ሲል መሸሻ መሪዋን በሁለት እጁ ጨብጧል፣ ፊቱ በርቷል። ነገራም ፈገግ አለ።

"ምን ላድርግ ጋሼ፣ ታምርብዎታለች" አለ፣ ሻጩ ፊት።

ሙዘይን ሳቀና ከጠራው ዋጋ ወይ ፍንክች አለ። መሸሻ ሙሉውን ከፈለ።

መንገድ ላይ ነገራ አፈረ። "ይቅር ይበሉኝ። ለከብቱ ምላሴ ይታዘዘኛል። እርስዎ ዳግመኛ መሪ ጨብጠው ሳይ ግን ደስ አለኝና አልወጣልኝ አለ።"

ቤት ሲደርስ ሙሉ ቢስክሌቷን አየች፤ ዋጋዋን ጠየቀችው፣ እሱም ነገራት።

"ምነው ተወደደችብህ? ነገራ አብሮህ ሄዶ የለ?"

መሸሻ ነገራ ያለውን እንዳለ ነገራት። ሙሉ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"ያን ቀን ለሱ ስታጣጥል፣ ያንተ ምላስ እምቢ ያላለህ ለምን ነበር?" አለችው።

መሸሻ መንፊያውን አንሥቶ የቢስክሌቷን ጎማ መንፋት ጀመረ። ጎማው ግን ሞልቶ ነበር።