ጋሼ፣ አብረን እንውረድ

ልጄ መኪናዋን ገዝቶ ሳምንት ሳይሞላው ጥያቄ ጀመረ። የሚጠይቀው እኔን አይደለም፤ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? የሚጠይቀው የሸጠለትን ሰውዬ ነው። እራት እየበላን በግራ እጁ ስልኩን እየነካካ ይጽፋል፣ የጻፈውንም ጮክ ብሎ ያነብልኛል።

«ጋሼ፣ ስነዳት ለምን ወደ ግራ ትጎትታለች?»

«ጋሼ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት በጥቁር ፕላስተር የሸፈናት ማነው?»

«ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ አንዳንዴ እግሬ እስከ ወለሉ ይገባል፣ ምንድነው?»

ለሁሉም የሚመጣው መልስ አንድ ነበር። «የስፖርት መኪና ጸባይዋ ነው። ትለምዳታለህ።»

ሦስተኛውን ሲያነብልኝ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት። «እግርህ እስከ ወለሉ ይገባል?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ እማዬ! ይቺ እኮ ሚኒባስ አይደለችም። ጸባይዋ ነው አለ እኮ።»

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። መሪ ኮንዶሚኒየም ስትገባ የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸውን ጥለው ይከተሏታል። ልጄ ስልክ ጠጋኝ ነው። ገና ሳይገዛት፣ ከሱቁ ሲመለስ ሰውዬው በር ላይ ቆማ እያያት ስንት ጊዜ ቆሞ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሌላ ልጅ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ያደረግሁትን ሰው እንዲረዳልኝ ነው።

ሰውዬው የእድራችን ዳኛ ነው። ባሌ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከለው፣ መቃብር ድረስ ከፊት የሄደው እሱ ነበር። ለዚህ ነው ልጄ መኪናዋን ሳይገዛት ጋራዥ ያልወሰዳት። አንድ ጓደኛው «አስመርምራት» ሲለው፣ «አባቴን የቀበረ ሰው፣ መኪናህን ላስመርምር እንዴት እለዋለሁ?» አለ። እኔም ነውር ነው ብዬ ነበር። በእኛ ሰፈር ጎረቤትን እንዲህ አይሉትም። ሰውዬውም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ነገሩን ያወጣችው የገዛ ሚስቱ ናት። ለቅሶ ቤት ጓሮ ሽንኩርት እየላጥን፣ ልጄ እንዴት መኪናዋን እንደወደዳት አነሳሁላት።

«እኛማ አንድ ቀን አልገባንባትም» አለች። «‹አንቺና ልጆቹ በታክሲ ሂዱ› ነበር የሚለን። ካጋጫት ወዲህማ ጭራሽ!»

«ካጋጫት?»

ቢላዋዋ ቆመ። «ኧረ ትንሽ ነገር ናት እትዬ፤ ተቀብታለች እኮ» አለችና ሽንኩርቷ ላይ አቀረቀረች።

የራሱን ልጆች አላስገባባትም። የኔን ልጅ አስገባው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የያዘኝ ነገር ፍርሃት ይሁን ቂም መለየት አቃተኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። ልጄ ከበረንዳችን ሥር ሞተሯን ሲያስነሳ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ፤ ሰውዬው በዚያው በኩል ነጠላውን አጣፍቶ ሲያልፍ ደግሞ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ለልጄ ነገርኩት። «ጋሼ ይዋሻል ነው የምትይው?» ብሎ ተቆጣኝ። ከገዛት በኋላ ሰውዬው የጠቆመው ጋራዥ ወስዷት ነበር፤ ደህና ናት ብለውታል። ሰውዬው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለልኝ።

«እትዬ፣ ወጣት ነው፣ ይደሰትባት እንጂ! መኪና ደግሞ የሴት ነገር አይደለም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። እሺ ያለው አፌ ነው። ደረጃውን ስወርድ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ልጄ የሚያምነው ከዚህ ሰውዬ አፍ የወጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ እውነቱ ከዚሁ አፍ መውጣት አለበት። እስኪወጣም እኔ የፈራሁትን ያህል እሱም ይፍራ አልኩ።

እሁድ እድሩ ተሰብስቦ ሊበተን ሲል ተነሳሁ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ልጄ መኪናዋን እንጦጦ ማርያም ወስዶ ጸበል ሊያስረጫት ነው። መራቂ አባት የለውም። አባቱን የቀበሩ እርስዎ ነዎት፣ መኪናዋንም የሰጡት እርስዎ። አብረውን ወጥተው ይመርቁልን።»

«እሰይ! ተገቢ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ልጄ በደስታ ቀላ። በእኛ ዘንድ መርቅ የተባለ ሽማግሌ እምቢ አይልም፤ ያውም ዳኛ፣ ያውም ያን ሁሉ ሰው ፊት።

«መቼ ነው?» አለ ሰውዬው።

«አሁን ነዋ ጋሼ። መኪናዋ ደጅ ቆማለች።»

ጋቢና አስገባሁትና ከኋላ እንደ ጆንያ ታጥፌ ተቀመጥኩ። ከኋላ ያለው ቦታ ለሰው የተሠራ አይመስልም። መገናኛ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ዓይኔን ከሰውዬው እግር ላይ አልነቀልኩም። ከፊታችን ያለ መኪና ሲቆም፣ ልጄ ፍሬን ሳይዝ ሰውዬው ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል። ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይረግጣል! ይህን ሳይ የቀረችኝ ጥርጣሬም ጠፋች።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ይቺ ቀይ መብራት ለምንድነው የተሸፈነችው?»

«ዓይን ትወጋለች እትዬ።»

«ወደ ግራ የምትጎትተውስ?»

«ጸባይዋ ነው አልኩት እኮ።»

«እማዬ ተይ እንጂ፣ ጋሼን አታድርቂያቸው!» አለ ልጄ።

ተውኩ። ዳገት ሞተር ነው የሚፈልገው፤ ዳገቱ አላስፈራኝም። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሰውዬው የመጣንበትን መንገድ ዞር ዞር እያለ ሲያየው አየሁ። ቁልቁለቱን እያሰበ ነው። አስብ፣ አልኩ በልቤ። እኔ ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ቄስ ጸበል ይዘው ወጡ። መኪናዋን ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?» አሉ። ልጄ በሳቅ ፈረሰ። ከላይ እስከ ታች ረጯት። ሰውዬው መዳፎቹን ዘርግቶ መረቀ፦ «ከክፉ ነገር ይሰውርህ። በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባባት።»

እኔ አሜን ስል ዓይኔን ከፊቱ አላነሳሁም። እሱ ግን አላየኝም።

«በሉ እንግዲህ እንውረድ» አልኩ።

«እናንተ ቅደሙ፤ እኔ እዚህ የማገኘው ሰው አለ።»

«እንጠብቅዎታለን።»

«ይቆያል እኮ!»

«እሁድ ነው ጋሼ፣ የት እንሄዳለን?»

ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንደው በእግሬ ብወርድ ይሻለኛል። ሐኪሙም ተራመድ ብሎኛል።»

«በዚህ ጫማ?» ብሎ ልጄ ሳቀ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ ሶል ያለው ነበር።

የጋቢናውን በር ከፍቼ ያዝኩለት። «ጋሼ፣ አብረን እንውረድ። ልጄ የሚወርድባት መኪና ለእርስዎ ምን አነሰችዎ?»

የእንጦጦ ብርድ አጥንት ይገባል፤ የሰውዬው ግንባር ግን አልቦት ነበር። አንድ እግሩን ወደ በሩ አነሳና መልሶ አወረደው። እውነቱን ለመናገር፣ ደንቆሮ ሆኖ ዝም ብሎ ቢገባ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ጎማዋ ሥር እተኛ ነበር መሰለኝ። እሱ ግን የራሱን ነፍስ እንደሚወዳት አውቄበታለሁ።

የልጄ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። «ጋሼ» አለ፣ «ለምንድነው የማይገቡት?»

ያን ሁሉ ጥያቄ ሲጠይቀው ኖሯል። ለዚህኛው ግን ጸባይዋ ነው የሚል መልስ አልነበረም።

«ፍሬኗ ሲግል ይጠፋል» አለ ሰውዬው መሬት መሬት እያየ። «ቁልቁለት አትወድም። ለእኔም አንዴ ግንብ ነው ያቆመልኝ። ሜዳ ላይ ብቻ ትነዳታለህ ብዬ…»

«ያውቁ ነበር?»

ሰውዬው ነጠላውን አስተካከለ።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር።»

ልጄ አልጮኸም። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ዘረጋለት። «እንግዲያው እርስዎ ያውርዷት።»

ያ የእድር ዳኛ፣ ያ የአስከሬን ፊት ፊት የሚሄድ ሰውዬ፣ ከቁልፉ እንደ እባብ ሸሸ። ቄሱ የጸበል ዕቃቸውን እንደያዙ ያዩ ነበር። ይዩ አልኩ። እንዲያዩም ነበር የፈለግሁት።

መኪናዋን እዚያው በሩ ሥር ትተናት ወጣን፤ በማግስቱ መኪና በሚጭን መኪና ተጭና ወርዳ እሱ በር ላይ ተራገፈች። ያን ቀን ግን አስፋልቱን ይዘን በእግር ወረድን፣ እኔና ልጄ ከፊት፣ ሰውዬው ከኋላ። ጫማው ሲያንሸራትተው ይሰማኛል። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። አልዞርኩም። ልጄ ክንዴን ይዞኛል። ነገሩ ያኔ ነው የገባው። ኩርባ በደረስን ቁጥር ቁልቁለቱን ያይና እኔን ያየኛል።

መንገድ ላይ ሚኒባስ ደረሰብን። ሰውዬው ከኋላ እጁን ሲያውለበልብ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ማዘር፣ ሦስት ናችሁ? ለሦስት ቦታ አለ!»

«ሁለት ነን» አልኩት።

ልጄን አስቀድሜ ገባሁ፤ በሩም ተዘጋ። በኋላው መስታወት ሳየው እጁን እንዳነሳ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ዛሬም እድር ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ይቅርታ ግን አልሰጠሁትም። ሰጠሁ ብል ውሸት ነው፤ ማርያም ታየኛለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ በወንበሮቹ መሀል አንገቴን አስግጌ ዓይኔን ከሹፌሩ እግር ላይ አላነሳሁም።